የአበበ ቢቂላ ሦስተኛው ውድድር

አበበ ቢቂላ ሲባል የስፖርት አፍቃሪው ሁሉ ቶሎ የሚያስታውሰው ባዶ እግሩን ነው። ሮም፣ ምሽት፣ ችቦ፣ ባዶ እግር። ቀጥሎ ቶኪዮ፣ ሁለተኛ ወርቅ፣ አዲስ ሪከርድ። ከዚያ በኋላስ? ብዙው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ መኪና ተገለበጠበት፣ እግሩ አልታዘዝ አለው፣ ሞተ ብሎ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ በተሰየመው ስታዲየም ስንቱ የኳስ ደጋፊ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኋል! ሰውየው ከአደጋው በኋላ ምን ሠርቶ እንዳለፈ ግን ብዙም ሲወራ አይሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአደጋውና በሞቱ መካከል አራት ዓመት ከሰባት ወር አለ። በእነዚህ ዓመታት አበበ ዊልቸር ላይ ሆኖ ቀስት ወርውሯል፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫውቷል፣ ኢትዮጵያዊ አይቶት በማያውቀው በረዶ ላይም ተወዳድሮ አሸንፏል። በኳስ ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ ነው። ከእረፍት መልስ ያለው ጨዋታ ደግሞ ከመጀመሪያው ቢከብድ እንጂ አይቀልም።

የጃቶው ልጅ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ዕለቱ እ.ኤ.አ ኦገስት 7 ቀን 1932 ይውላል። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ደግሞ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ።

በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠብቋል፣ ገናም ተጫውቷል። የገና ጨዋታ የአሁኑን የኳስ ሜዳ ልክ አያውቅም። አንዳንድ ቦታ የሁለቱ ወገኖች ግብ በኪሎ ሜትሮች ይራራቃል። ሩር ተከትሎ በሜዳና በገደል ሲሮጥ የዋለ ልጅ ሳንባው ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ለአቅመ አዳም ሲደርስ አዲስ አበባ ገባና በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያ ነው ከስዊድን ከመጡት አሰልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የተገናኘው። ኒስካነን ወታደሮቹን በሳይንስ ማሰልጠን የጀመሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን ረጅም ርቀት፣ ሌላ ቀን ፍጥነት፣ ሌላ ቀን ዳገት እያሉ። አበበ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው በ1952 ዓ.ም ክረምት፣ ሮም ሊገባ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነበር። ለውድድሩ አዲስ፣ በዕድሜ ግን 28 ዓመቱን የያዘ ሰው ነው።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ ማለትም እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ በሀገር ቤት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ሮም ላይ ማራቶኑ የተጀመረው ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ማታ ነበር። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው አበበ ባዶ እግሩን ለመሮጥ ወሰነ። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከጎኑ አልተለየም። ወደ ማብቂያው የጣሊያን ጦር በ1930ዎቹ ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አካባቢ ሲደርስ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ሞሮኳዊውም ቀረ።

ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ከ2 ማይክሮ ነበር። በወቅቱ ከተሮጡት ማራቶኖች ሁሉ ፈጣኑ ማለት ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅም በእሱ እግር መጣ። ከዓመት ከምናምን በኋላ፣ ጥር 1954 ዓ.ም ላይ፣ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲያነሱ የኢትዮጵያ ስፖርት ወርቃማ ዘመን የሚባለው ተሟላ።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነገርለት ነገር አለ። አበበ ሮምን ባዶ እግሩን ባስደነቀ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ወደ 400 የሚጠጉ ስፖርተኞች ዊልቸራቸው ላይ ሆነው ሰልፍ አሳዩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ያ ነው። ከውድድሮቹ መካከል የቀስት ውርወራና የጠረጴዛ ቴኒስ ይገኙበታል። አበበ ያን ጊዜ ወርቁን አንጠልጥሎ ወደ ሀገሩ የተመለሰ ጀግና ነው። እነዚህ ሁለት ጨዋታዎች አንድ ቀን የእሱ ጨዋታዎች ይሆናሉ ብሎ ማን ያስባል?

ቶኪዮ፣ ያውም ከኦፕራሲዮን በኋላ

ከሮም በኋላ አበበ በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺሴ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም ቦስተን ላይ ግን አምስተኛ ወጣ። ከዚያም ለቶኪዮ ሲዘጋጅ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ተደረገለት። ለማራቶኑ የቀረው ጊዜ 35 ቀን ብቻ ነበር። አሁን አንድ ተጫዋች እንዲህ ቢሆን ክለቡ የውድድር ዓመቱን ግማሽ አያልፍም ብሎ ያስታውቃል።

አበበ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ጫማውን አድርጎ፣ ነጭ ካልሲውን ለብሶ ተሰለፈ። ስታዲየም ሲገባ ከኋላው ማንም አይታይም። የገባበት ሰዓት 2፡12፡11.2 ሲሆን አሁንም አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። በዚያ መሀል አበበ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ሽቅብ እያነሳ ስፖርት ይሠራ ነበር። ከሱ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ አልነበረም።

አሁንም ያው አጋጣሚ ተደገመ። ጥቅምት 29 ቀን፣ አበበ ካሸነፈ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛው ፓራሊምፒክ ተከፈተ። አበበ ወርቅ ባገኘባቸው ሁለት ከተሞች ሁለት ጊዜ ዊልቸሮች ተከትለውት መጥተዋል።

ሜክሲኮ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም አበበ በታመመ እግሩ ጀምሮ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደ። ብዙ ሰው አበበ በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ይመለሳል ወይስ ጫማውን ይሰቅላል እያለ ይከራከር ነበር። መልሱ ከሁለቱም አልሆነም።

የመጋቢት 13 ሌሊት

ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት፣ አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እሱም ውስጧ ተይዞ ቀረ። ከመኪናዋ ወጥቶ ሐኪም ቤት ሲደርስ ከአንገቱ በታች አካሉ አይንቀሳቀስም። እግሩ ብቻ ሳይሆን እጁም አልታዘዘውም። ከሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንድቪል ወደሚባለው ሆስፒታል በአውሮፕላን ተወሰደ።

ጉዳቱ ምን እንደሆነ በቀላሉ ለማስረዳት ያህል፣ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ኅብለ ሰረሰር የሚባል አለ። አንጎል እግር ተንቀሳቀስ፣ እጅ ያዝ ብሎ የሚያዝበት መስመር እሱ ነው። መስመሩ ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል ትእዛዝ አይደርሰውም፤ ሕመምና ሙቀት እንኳ አይሰማውም። ጉዳቱ ወደ አንገት በቀረበ መጠን እጅም አብሮ ይያዛል። የእግር ስብራት በጀሶ ይድናል፤ የተቆረጠ እግር በሰው ሠራሽ እግር ይተካል። ኅብለ ሰረሰር ግን የሚተካው ነገር የለም።

ቀደም ባለው ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚሞተው በጉዳቱ አልነበረም። አልጋ ላይ ተኝቶ ሲቀር ገላው ይቆስላል፤ ሽንቱ በአግባቡ ስለማይወጣ ኩላሊቱ ይመረዛል። ሐኪሞችም ተስፋ ስለሚቆርጡ የሚገላብጠው እንኳ አያገኝም ነበር። ይህን የለወጡት ከሂትለር ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። እ.ኤ.አ በ1944 ስቶክ ማንድቪል ላይ የኅብለ ሰረሰር ክፍል ከፍተው በሽተኞቻቸው ሌሊትና ቀን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ። ቁስሉ ቀነሰ፤ ሰውም መኖር ጀመረ።

ጉትማን በዚህ አላበቁም። መኖር ብቻ ምን ያደርጋል ብለው ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አደረጉት። እ.ኤ.አ ጁላይ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ 16 የቀድሞ ወታደሮችን ዊልቸር ላይ አስቀምጠው በቀስት ውርወራ አወዳደሩ። ከ12 ዓመት በኋላ ሮም የደረሰው ይሄው ውድድር ነው። እናም አበበ የገባበት ሆስፒታል የፓራሊምፒክ መወለጃ ሆስፒታል ነበር ማለት ነው።

ስምንት ወር

አበበ ስቶክ ማንድቪል ስምንት ወር ቆየ። መጀመሪያ ላይ ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ከጉብኝት ብዛት አልጋው ዙሪያ ሰው አይጠፋም፤ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥም መጥተው ጠይቀውታል። ጎብኚው ሲወጣ ግን የሚቀረው እሱና ሰውነቱ ናቸው። 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ቀኑን ሙሉ ሲታገል መዋል ምን እንደሚመስል ለመገመት ይከብዳል።

ቀስ በቀስ እጁ ተመለሰ። እግሩ ግን አልተመለሰም። ከሆስፒታል ሲወጣ ዊልቸር ላይ ሆኖ ነው ወደ ሀገሩ የገባው። ብዙ ጋዜጠኛ አሳዛኝ ፍጻሜ ብሎ የጻፈለት ያን ጊዜ ነው። እሱ ግን ወርቁንም አደጋውንም ከአንድ እጅ እንደተሰጡ፣ ሁለቱንም የእግዚአብሔር ፈቃድ አድርጎ እንደተቀበለ ይነገርለታል።

መቀበል ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በ1962 ዓ.ም አበበ ቀስት መወርወር ይለማመድ ጀመር። ለምን ቀስት? ጨዋታው ለዊልቸር ሰው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀስት ሲሳብ ክንድ፣ ትከሻ፣ ደረትና ጀርባ ይሠራሉ። ዊልቸር የሚገፋውም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያሻግረውም ይኸው ጡንቻ ነው። በዚያ ላይ ወገቡን የማያዝ ሰው ቀስት ሲስብ ሚዛኑን ጠብቆ መቀመጥ አለበት። ስፖርቱ ራሱ ሕክምና ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ለአበበ ግን ጨዋታው የተገላቢጦሽ ነበር። ማራቶን ሯጭ ክንዱ ቀጭን ነው፤ ቀላል መሆኑም ይጠቅመዋል። አሁን ያ ሁሉ ዓመት የገነባው እግር ሥራ ፈትቶ፣ ስፖርቱን ሁሉ ክንዱ ሊሸከም ነው። አጥቂ የነበረን ተጫዋች በ37 ዓመቱ ከዜሮ ተነስተህ በረኛ ሁን እንደማለት ነው።

ሐምሌ 1962 ዓ.ም ላይ አበበ እንግሊዝ ተመልሶ በስቶክ ማንድቪል የዊልቸር ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። እዚህ ቦታ ወርቅ አላመጣም። የማራቶን ንጉሥ የነበረ ሰው ለመሸነፍ ተዘጋጅቶ እንደ ጀማሪ መሰለፉ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ስንቱ ኮከብ ነው ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶት ኳስ ያቆመው!

በረዶ ላይ

ሚያዝያ 1963 ዓ.ም ኖርዌይ የአካል ጉዳተኞች ውድድር አዘጋጅታ አበበን በእንግድነት ጠራችው። እንግዳ ማለት በክብር መቀመጫ ተቀምጦ እያጨበጨበ የሚያይ ማለት ነው። አበበ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ይህ ሳያንሰው በበረዶ ላይ በሚካሄደው የስሌጅ ውድድር ገባ።

በረዶ በኖርዌይ ሕፃን ሆኖ ከእናት ጀርባ ሳይወርዱ የሚለመድ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮውን ደብድቦ ከሰዓታት በኋላ የሚቀልጠው ነው። አስራ ስድስት ተወዳዳሪዎች ተሰለፉ። አበበ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ገብቶ አንደኛ ወጣ። ሮምን ባዶ እግሩን፣ ቶኪዮን በጫማ ያሸነፈው ሰው ኖርዌይን እግሩን ሳያንቀሳቅስ አሸነፈ።

ይሄ ድል ሜዳሊያው እንደ ኦሊምፒክ ወርቅ አይቆጠርም፤ የዓለም ክብረ ወሰንም አልተሰበረበትም። ይሁንና ከሦስቱ ድሎች የትኛው ይበልጣል ተብሎ ቢጠየቅ ክርክሩ በቀላሉ አያልቅም። ሮምና ቶኪዮ ላይ ሰውነቱ ታዞለታል። ኖርዌይ ላይ ግን ግማሹ ሰውነቱ አልነበረም፤ የነበረው ለመወዳደር ያለው ፍላጎት ነው። ያ ፍላጎት ደግሞ እግር ውስጥ እንደማይኖር አበበ አሳየ።

ሙኒክ፣ ከ12 ዓመት በኋላ

ነሐሴ 20 ቀን 1964 ዓ.ም የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲከፈት አበበ የክብር እንግዳ ነበር። ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ሲታይ ስታዲየሙ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው። አዎ፣ ያቺው ጳጉሜን 5፣ ያው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከሮም ድሉ ልክ 12 ዓመት ሞላው ማለት ነው።

አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር በ2፡12፡19.8 አሸነፈ። ሰዓቱን ልብ ይሏል! አበበ ከስምንት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ፣ ያውም ኦፕራሲዮን ተደርጎ በወሩ፣ ከገባበት ሰዓት በስምንት ሴኮንድ ይዘገያል። ሾርተርም ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አገኘ። የአበበ የኦሊምፒክ ሰዓት የተሻሻለው ገና ከአራት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ ነው።

ጥቅምት 15

ከሙኒክ ከተመለሰ በኋላ አበበ ብዙ አልቆየም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ አረፈ። የሞቱ ምክንያት በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሲሆን ከአደጋው ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተገልጿል። ዕድሜው 41 ዓመት ብቻ ነበር። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ ነው የሄደው።

ቀብሩ በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታውጇል። ወደ 65 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ወጥቶ ሸኝቶታል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ያን ያህል ሰው ለስፖርተኛ ወጣ ሲባል ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሱ በኋላ የመጡት

አበበ ስሙን ዓለም የሚያውቀው ሻምበል ስለነበር አውሮፕላን መጥቶለት፣ በዓለም አንደኛ በሆነው ሆስፒታል ታክሟል። ለሌላው ኢትዮጵያዊ ግን መንገዱ ይኸን ያህል አልቀናም። ከአበበ የትውልድ አካባቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ አልፈን የወሎን ደጋ እንውሰድ። መካነ ሰላም አካባቢ አንድ ገበሬ ከገደል ወድቆ እግሩ ቢቆረጥ፣ ወይም አንድ ልጅ በፖሊዮ እግሩ ቢሰንፍ፣ ሰው ሠራሽ እግር ወይም የብረት ድጋፍ ያለው ጫማ ለማግኘት በአቀስታ አድርጎ ደሴ ድረስ መሄድ አለበት። ደሴ ላይ የተቋቋመው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ለአካባቢው ሕዝብ ሲያገለግል የኖረ ነው። በዚያ ዳገትና ቁልቁለት ደግሞ ዊልቸር ብዙም አያስኬድም። ሰው በክራንች ወይም በሰው ሠራሽ እግር ነው የሚቆመው።

ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተገጥሞ የሚረሳ ነገርም አይደለም። መጀመሪያ የቀረው እግር ልኩ በጀሶ ይወሰዳል፤ በዚያ ልክ ከፕላስቲክ እግሩ የሚገባበት ማቀፊያ ይሠራል። ከዚያ በብረት ዘንግ መካከል መራመድ መለማመድ ይመጣል። የቀረው እግር እየሰለለ ሲሄድ ማቀፊያው ይሰፋል፤ ይልጣል፤ ያቆስላል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር መቀየር አለበት። ሩቅ ላለ ሰው እያንዳንዱ ቅያሪ የጉዞ፣ የማደሪያና የሥራ ቀን ወጪ ነው። ብዙ ሰው ሰው ሠራሽ እግሩን ጥሎ ወደ ዱላው የሚመለሰው ሰንፎ ሳይሆን ይህ አቅቶት ነው።

ለኳስ ወዳዱ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። አንድ እግር ያላቸው ሰዎች በክራንች የሚጫወቱት እግር ኳስ አለ። በአንድ ወገን ሰባት ሰው ይሰለፋል። ሜዳ ውስጥ ያሉት አንድ እግር፣ በረኛው ደግሞ አንድ እጅ ያለው ነው። ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞ መግባት አይፈቀድም፤ ኳሷን ሆን ብሎ በክራንች መንካትም ያስቀጣል። የሚያስገርመው በዚህ ጨዋታ አፍሪካዊቷ አንጎላ እ.ኤ.አ በ2018 የዓለም ዋንጫ ወስዳለች። በትልቁ የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ማን ነው ዋንጫ ያነሳው? ማንም።

ኢትዮጵያም ከዚህ መድረክ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ በፓራሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ በ1968 ቴል አቪቭ ላይ፣ አበበ መኪናው ከመገልበጧ ጥቂት ወራት በፊት ነው። ከዚያ ለብዙ ዓመት ስትጠፋ ስትመለስ ቆይታ የመጀመሪያ ሜዳሊያዋን ያገኘችው በ2012 ለንደን ላይ ሲሆን፣ እሱንም በ1500 ሜትር ብር ያመጣው የእጅ ጉዳት ያለበት ወንድዬ ፍቅሬ ነበር።

ወርቁስ? ወርቁ የመጣው ከቶኪዮ ነው። በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት ተራዝሞ እ.ኤ.አ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ፣ የማየት ችግር ያለባት ትዕግስት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር አንደኛ ወጥታ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አስመዘገበች። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግማ አሸነፈች። ሁለት ተከታታይ ፓራሊምፒክ፣ ሁለት ወርቅ፣ ከሁለቱ አንዱ ቶኪዮ ላይ። ቁጥሩ ከማን ጋር እንደሚገጥም የአበበን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሊነገረው አያስፈልግም።

ልዩነቱ አንድ ነው። አበበን 65 ሺህ ሰው ቀብሩ ላይ ሸኝቶታል። የትዕግስትን ወርቅ የሰማው ግን ስንት ሰው ነው? አበበ በሕይወቱ መጨረሻ አራት ዓመት ሲያሳይ የነበረው አካል ጉዳተኛ የሚታዘንለት ሳይሆን የሚደገፍ ተወዳዳሪ መሆኑን ነው። ደጋፊ ለመሆን ደግሞ የደጋፊ ማህበር መታወቂያ አያስፈልግም፤ የተወዳዳሪውን ስምና የገባበትን ሰዓት ማወቅ ይበቃል።